የቤት ጢስና የደም ሥር መቆጣት



እሾህ ጣትን ቢወጋ ምን ይሆናል? ቦታው ይቀላል፤ ያብጣል፤ ያማል። ይህ «መቆጣት» ይባላል። ሰውነት የገባበትን ጠላት ለማስወጣት የሚያደርገው ትግል ስለ ሆነ በራሱ ክፉ አይደለም። እሾሁ ሲወጣ መቆጣቱም ይበርዳል። ነገር ግን እሾሁ በየቀኑ ያንኑ ቦታ ቢወጋ ቁስሉ መቼ ይድናል? እንዲህ ያለው ነገር ከዓይን ተሰውሮ በደም ሥራችን ውስጥም ይደርሳል።

እንዴት ይደርሳል?

ደምን ከልብ ወደ መላው አካል የሚወስዱት ሥሮች ውስጣቸው ለስላሳ ነው። የትምባሆ፥ የእንጨትና የከሰል ጢስ፥ እንዲሁም ደም ግፊትና ስኳር በሽታ ይህን ልስላሴ ይጎዱታል። በተጎዳው ቦታ የደም ስብ ሰርጎ ይገባል። ነጭ የደም ሕዋሳት ስቡን ሊያጠፉ መጥተው ይውጡታል፤ ግን እዚያው ይሞታሉ። የሥሩ ግድግዳ ያብጣል፤ መተላለፊያውም ይጠባል። መቆጣቱ ካልበረደ የእብጠቱ ሽፋን ይሳሳል። አንድ ቀን ሲቀደድ ደም በላዩ ይረጋና መንገዱን ይዘጋል። በልብ ከሆነ ልብ ይጎዳል፤ በአንጎል ከሆነ አንድ ወገን አካል ይሰንፋል።

በ2017 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመ አንድ ትልቅ ምርመራ ይህን አረጋግጧል። ቀድሞ ልባቸው በዚህ ሁኔታ ከተጎዳ ከ10,000 በላይ ሰዎች መካከል፥ ስቡን ሳይነካ መቆጣቱን ብቻ የሚያበርድ መድኀኒት የተሰጣቸው ሕመሙ የተመለሰባቸው በቁጥር ያነሱ ሆኑ። ሆኖም መድኀኒቱ ለሌላ ልክፍት ስለሚያጋልጥ ለሁሉ የሚታደል አልሆነም። ስለዚህ ብልህነቱ እሾሁን ከቤት ማስወጣት ነው።

እሾሁ የት አለ?

ጅግጅጋ ከፍ ያለ አገር ስለ ሆነ ሌሊቱ ይበርዳል። በርም ይዘጋል፤ ከሰልም ይነዳል፤ ማታ ዕጣን ይጨሳል። በቀብሪ በያህና በቶጎ ውጫሌም ምድጃው ከመኝታው ያልተለየበት ቤት አለ። ጢሱን አብዝቶ የሚስበው ማነው? እናትና በጀርባዋ ያለው ሕፃን አይደሉም እንዴ? የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2020 የቤት ጢስ በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰው ገድሏል፤ ከነዚህ ከግማሽ የሚበልጡት የሞቱት በልብ ደም ሥር በሽታና በስትሮክ ነው።

ምን እናድርግ?

1. ምድጃውን ከመኝታ ለዩ፤ ደረቅ እንጨት አንድዱ። አባወራዎችም ስሙ፤ መስኮትና የጢስ መውጫ ማበጀት የእናንተ ሥራ ነው።
2. ከሰል እየነደደ በር ዘግታችሁ አትተኙ። የማይታይ መርዙ በአንድ ሌሊት ይገድላል።
3. ዕጣን ስታጨሱ በር ክፈቱ፤ ሕፃናትን አርቁ።
4. ትምባሆ በቤት አይጨስ፤ ቢተውት ደግሞ እጅግ ይሻላል።
5. የሻይ ስኳርና የወጥ ጨው ቀንሱ።
6. ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ሁሉ ደም ግፊቱን በጤና ጣቢያ ያስለካ።

ደረቱን የከበደው፥ ፊቱ የተጣመመ ወይም አንደበቱ የተያዘ ሰው ካያችሁ «ነገ ይሻለዋል» አትበሉ። በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል አድርሱት።

ዛሬ የተከፈተ መስኮት የነገን ልብ ይጠብቃል።