ካርድ ሪደር፦ ርካሿ ዕቃና ከባዱ አደራ

የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ ውሎ የሰበሰበው ሁሉ፣ የሽማግሌዎቹ ምርቃት፣ የሙሽሮቹ ጭፈራ፣ የእናት እንባ፣ ማታ ላይ ያለው ከሁለት ጣት ስፋት በማይበልጥ ሚሞሪ ካርድ ውስጥ ነው። ወደ ኮምፒውተር የሚሻገረውም አብዛኛውን ጊዜ በካርድ ሪደር በኩል ነው። ለካሜራና ለሌንስ ብዙ ገንዘብ የሚያወጣ ባለሙያ ካርድ ሪደር ሲገዛ ግን ሱቁ የሰጠውን ተቀብሎ ይሄዳል። ደግነቱ ጥሩ ካርድ ሪደር ውድ አይደለም። ምን እንደሚፈልግ አውቆ ለሚገዛ ሰው ርካሹም ይበቃል።

የፕላስቲክ ሽፋኑ ሲከፈት ውስጡ ብዙ ነገር የለም። አንዲት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ኮንትሮለር የሚባል ቺፕ፣ በካርዱ ማስገቢያ በኩል ደግሞ የተደረደሩ ስስ የብረት ምላሶች ይታያሉ። መደበኛው ኤስዲ ካርድ በጀርባው 9፣ ትንሹ ማይክሮ ኤስዲ ደግሞ 8 የብረት ንክኪዎች አሉት። ካርዱ ሲገባ ምላሶቹ እነዚህን ንክኪዎች ተጭነው ይይዛሉ። ቺፑ ከካርዱ የሚመጣውን መረጃ ዩኤስቢ በሚያውቀው መንገድ አዘጋጅቶ ያስተላልፋል። ኮምፒውተሩ የሚያየው ልክ ፍላሽ እንደተሰካበት ስለሆነ፣ ዊንዶውስም ሆነ ማክ ወይም ሊኑክስ ልዩ ሶፍትዌር አይጠይቁም።

ኤስዲ ካርድን እ.ኤ.አ. በ1999 ይፋ ያደረጉት ሳንዲስክ፣ ፓናሶኒክና ቶሺባ ናቸው። የካርዱ መጠን፣ 32 በ24 ሚሊሜትር፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አልተለወጠም። የተለወጠው ውስጡ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት የሚይዘው እስከ 2 ጊጋባይት ነበር። በ2006 የመጣው ኤስዲኤችሲ እስከ 32 ጊጋባይት፣ በ2009 የመጣው ኤስዲኤክስሲ ደግሞ እስከ 2 ቴራባይት እንዲይዙ ተደርገው ተሠሩ። ሁሉም አንድ ማስገቢያ ውስጥ ስለሚገቡ ገዢው ይሳሳታል። አሮጌ ሪደር አዲሱን ካርድ ያለ ችግር ይቀበለውና ሊያነበው ግን አይችልም። ስለዚህ 64 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ የሆነ ካርድ ያለው ሰው በማሸጊያው ላይ ኤስዲኤክስሲ የሚለውን ሳያይ አይግዛ።

ሁለተኛው ጉዳይ ፍጥነት ነው። ዩኤስቢ 2.0 በወረቀት ላይ በሰከንድ 480 ሜጋቢት ያስተላልፋል፤ ይህም 60 ሜጋባይት ማለት ነው። በተግባር የሚገኘው ግን ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት ያህል ነው። ዩኤስቢ 3.0 በሰከንድ እስከ 5 ጊጋቢት ይደርሳል። ብዙ ሰው የሚይዘው ዩኤችኤስ-1 የሚባለው ካርድ ደግሞ ጣሪያው በሰከንድ 104 ሜጋባይት ነው። ይህን ካርድ በዩኤስቢ 2.0 ሪደር ማንበብ በሰፊ መንገድ መጥቶ በጠባብ ድልድይ እንደመሻገር ነው። በሰከንድ 30 ሜጋባይት የሚያስተላልፍ ሪደር 64 ጊጋባይት ቪዲዮ ለመገልበጥ 35 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። 90 የሚያስተላልፈው በ12 ደቂቃ ይጨርሳል።

ከዚህ በመነሣት ምርጫው ቀላል ነው። ዘፈን ለመጫንና ጥቂት ፎቶ ለማውረድ ዩኤስቢ 2.0 በቂ ነው። ቪዲዮ የሚቀርጽና በየሳምንቱ ካርድ የሚሞላ ሰው ግን 3.0 ይግዛ። በማሸጊያው ላይ 3.1 ጄን 1 ወይም 3.2 ጄን 1 የሚል ጽሑፍ ቢያዩ ግራ አይጋቡ፤ ሁሉም ያው በሰከንድ 5 ጊጋቢት ናቸው። ብዙ አምራቾች የ3.0ን መሰኪያ ውስጡን ሰማያዊ ያደርጉታል፤ ቀለሙ ግን ልማድ እንጂ ግዴታ ስላልሆነ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የበለጠ የሚታመነው የንክኪዎቹ ቁጥር ነው። የተለመደው ሰፊው የ2.0 መሰኪያ 4 ንክኪ ሲኖረው የ3.0 ተጨማሪ 5 አለው። ፍጥነቱን ለማግኘት የኮምፒውተሩም ቀዳዳ 3.0 መሆን እንዳለበት አይርሱ።

ሱቅ ውስጥ ሳሉ ካርድዎን አስገብተው ይሞክሩት። ካርዱ ማስገቢያው ውስጥ የሚወዛወዝ ወይም በግድ የሚገባ ከሆነ ሪደሩን ይመልሱት። ምላሶቹ በደንብ ካልያዙ ግንኙነቱ በመሃል ይቋረጣል፤ በመሃል የተቋረጠ ግልበጣ ደግሞ ፋይል ያበላሻል። ለስልክም የሚፈልጉት ከሆነ ታይፕ ሲ መሰኪያ ያለውን ይምረጡ። ብዙ ቀዳዳ ያለው ሁሉ የተሻለ ነው ማለት አይደለም። የኤስዲና የማይክሮ ኤስዲ ማስገቢያ ካለው ለአብዛኛው ሰው ይበቃል፤ የቀሩት ዛሬ ብዙም ለማይገኙ ካርዶች የተሠሩ ናቸው።

አጠቃቀሙም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከካርዱ ወደ ኮምፒውተር ሲያወርዱ ኮፒ ያድርጉ እንጂ ከት አያድርጉ። ሲጨርሱ የፋይሎቹን ብዛትና መጠን በሁለቱም ወገን ያመሳክሩ፤ ከየቦታው ጥቂት ቪዲዮ ከፍተው ይመልከቱ። ኢጀክት ሳያደርጉ ካርዱን አይንቀሉ፤ ኮምፒውተሩ ጽፎ ያልጨረሰው ነገር ሊኖር ይችላል። ካርዱ ሲሰካ ፎርማት ይደረግ ወይ የሚል ጥያቄ ከመጣ እሺ አይበሉ። ካርዱን አውጥተው በሌላ ሪደር ይሞክሩት፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የንክኪ ነው። ፋይል በስሕተት ከጠፋም በዚያ ካርድ ላይ ምንም ነገር አይጻፉ። የጠፋው የሚመለሰው ሌላ ነገር ካልተጻፈበት ነው።

በኤስዲ ካርዱ ጎን ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ ብዙ ሰው ልብ አይላትም። ፎቶ ለማሳተም ካርድዎ ወደ ሌላ ሰው ኮምፒውተር ሲሄድ ወደ ሎክ ይግፏት፤ ቫይረስ እንዳይጻፍበትና ፋይል እንዳይሰረዝ ትረዳለች። ነገር ግን ቁልፏ ምልክት ብቻ ናት። ምልክቷን አይቶ መጻፍን የሚከለክለው ካርዱ ሳይሆን ሪደሩና ኮምፒውተሩ ናቸው። ስለዚህ አዲስ ሪደር ሲገዙ የተቆለፈ ካርድ አስገብተው አንድ ፋይል ለመጻፍ ይሞክሩ። ከጻፈ በዚያ ሪደር መቆለፊያዋን አይመኑ።

ብዙ ጊዜ በሪደር የሚሳበበው የሐሰተኛ ካርድ ጥፋት ነው። አንዳንድ ካርድ 128 ጊጋባይት ነኝ ይላል፤ እውነተኛ መጠኑ ግን ጥቂት ነው። ልኩ ሲያልፍ የሚጻፍበት ሁሉ ይጠፋል። አዲስ ካርድ ለሥራ ከመውጣቱ በፊት ኤች2ቴስትደብልዩ ወይም ኤፍ3 በተባሉት ነፃ ፕሮግራሞች እስከ አፉ ሞልቶ ማንበብ እውነቱን ያወጣል።

የሰው ደስታና ኀዘን ለምትቀርጹ ባለሙያዎች ሁሉ አደራ የምንለው ይህ ነው፦ ለሥራችሁ የሚመጥን አንድ ሪደር፣ ለክፉ ቀን ደግሞ ሌላ ተጨማሪ ይኑራችሁ። ፋይሉ በሁለት የተለያየ ቦታ መቀመጡን በዓይናችሁ ሳታረጋግጡ ካርዱን ፎርማት አታድርጉ።