የማንነት ማውጫና ተመልካቹ

ማይክሮሶፍት ኤንትራ አይዲ የአንድን ድርጅት ሠራተኞች፣ ቡድኖች፣ ኮምፒውተሮችና መተግበሪያዎች መዝግቦ የሚይዝ፣ በክላውድ ላይ የሚሠራ የማንነት ማውጫ ነው። ሠራተኛው ጠዋት ኢሜይሉን ሲከፍት ማንነቱን የሚያረጋግጠው፣ የትኛው መተግበሪያ እንደሚፈቀድለትም የሚወስነው እሱ ነው። የዘር ሐረጉ ከዊንዶውስ 2000 ጋር ከወጣው አክቲቭ ዳይረክተሪ ይመዘዛል፤ እስከ 2023 እ.ኤ.አ. ድረስም አዡር አክቲቭ ዳይረክተሪ ይባል ነበር።

እንዲህ ያለ ማውጫ ሲቋቋም የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ከዓመት ዓመት ጉድፍ ያጠራቅማል። ሥራ የለቀቀ ሰው መለያ ሳይዘጋ ይቀራል፤ ለአንድ ሳምንት ሥራ የተሰጠ የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ሳይነሣ ዓመት ይደፍናል፤ ለሥራ ተቋራጭ የተከፈተ የእንግዳ መለያ አስታዋሽ ያጣል። የደኅንነት ይዞታ መከታተያ የሚባሉት ሶፍትዌሮች የተሠሩት ይህን ለመልቀም ነው። ሥራቸው ጥቃት ሲደርስ መጮኽ ሳይሆን፣ ማንም ሳይገባበት ክፍት የቀረውን በር ፈልጎ ማሳየት ነው።

መከታተያው ወደ ማውጫው የሚገባው በአንድ ሠራተኛ ስምና የይለፍ ቃል አይደለም። አስተዳዳሪው በማውጫው ውስጥ ራሱን እንደቻለ መተግበሪያ ያስመዘግበዋል። ከምዝገባው ሁለት መለያ ቁጥሮች ይገኛሉ፤ አንዱ የድርጅቱ ማውጫ፣ ሌላው የመተግበሪያው። በእነዚህ ላይ ማረጋገጫ የሚሆን ምስጢራዊ ቃል ወይም ሰርተፊኬት ይታከላል። መከታተያው ሦስቱን አቅርቦ በኦውዝ 2.0 ደንብ መሠረት ጊዜያዊ ቶክን ይቀበላል። ቶክኑ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ያገለግላል፤ በእሱም ማይክሮሶፍት ግራፍ ከተባለው ኤፒአይ መረጃ ይጠየቃል።

ምስጢራዊ ቃል ለመገልበጥ ቀላል ስለሆነ ኮድ ውስጥም ኢሜይል ውስጥም ተጽፎ ይገኛል፤ ሰርተፊኬት ይሻላል። ሁለቱም ግን ዕድሜ አላቸው። በማስተዳደሪያው ገጽ ለምስጢራዊ ቃል የሚፈቀደው ረጅሙ ጊዜ 24 ወር ነው። ቀኑ ካለፈ ግንኙነቱ ይቋረጣል፤ መከታተያው የቆየውን ውጤት ማሳየቱን ከቀጠለ ደግሞ ተመልካቹ ሁሉም ደኅና ነው ብሎ ይቀመጣል። የሚያበቃበትን ቀን የሚከታተል ሰው አስቀድሞ መመደብ ያለበት ለዚህ ነው።

ዋናው ጉዳይ የፈቃዱ ነው። ለክትትል የሚያስፈልገው የማንበብ ፈቃድ ብቻ ነው፤ የማውጫውን ይዘት፣ የመግቢያ ደንቦችንና የክንውን መዝገቦችን ማንበብ። እነዚህ ፈቃዶች ሙሉ ማውጫውን ስለሚከፍቱ ያለ ከፍተኛ አስተዳዳሪ ስምምነት አይጸኑም። አንዳንድ መከታተያዎች ግን ያገኙትን ስሕተት ራሳቸው ለማረም የመጻፍ ፈቃድም ይጠይቃሉ። የሥልጣን ምደባን የመቀየር ፈቃድ ያገኘ መተግበሪያ የፈለገውን መለያ፣ ራሱንም ጨምሮ፣ የማውጫው የበላይ አስተዳዳሪ ማድረግ ይችላል። ግቢውን ዞሮ እንዲያይ ለተቀጠረ ዘበኛ የካዝና ቁልፍ አይሰጥም።

ይህ ሥጋት በማይክሮሶፍት በራሱ ላይ ደርሷል። በኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሚድናይት ብሊዛርድ የተባለው፣ ከሩሲያ መንግሥት ጋር የተያያዘ ቡድን፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ባልነበረው አንድ የሙከራ መለያ በኩል ገባ። እዚያም የኩባንያውን ዋና አውታር መድረስ የሚችል አንድ አሮጌ የሙከራ መተግበሪያ አገኘ፤ በእሱ ተጠቅሞ ሌሎች መተግበሪያዎችን ፈጠረ፤ የከፍተኛ ኃላፊዎችን ኢሜይል ሳይቀር አነበበ። ጥቃቱ የታወቀው ጥር 12 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ነው። ለአጥቂዎቹ መንገድ የጠረገው መተግበሪያ እንደ መከታተያው ሁሉ በማውጫ የተመዘገበና ፈቃድ የተሰጠው ነበር።

ግንኙነቱ ከጸና በኋላ መከታተያው መዝገቡን ገጽ በገጽ ያነባል። በጣም ከቸኮለ ግራፍ በ429 ቁጥር መልሶ እንዲጠብቅ ያዘዋል፤ ስለዚህ የትልቅ ድርጅት የመጀመሪያ ንባብ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ከዚያ የበላይ አስተዳዳሪዎችን ይቆጥራል (ማይክሮሶፍት ከአምስት እንዲያንሱ ይመክራል)፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሌላቸውን መለያዎችና ከልክ ያለፈ ፈቃድ የያዙ መተግበሪያዎችን ይዘረዝራል።

ለረጅም ጊዜ ያልተነኩ መለያዎችን ማግኘት ግን ድርጅቱ በያዘው የኤንትራ አይዲ የአገልግሎት ደረጃ ይወሰናል። በነፃው ደረጃ የመግቢያ መዝገብ ለ7 ቀን ብቻ ይቆያል፤ ፒ1 በተባለው የክፍያ ደረጃ 30 ቀን። ተጠቃሚው መጨረሻ የገባበትን ቀን በግራፍ ማንበብም ፒ1 ይጠይቃል። ይህ የሌለው ድርጅት ከመከታተያው የሚያገኘው ሥዕል ጎዶሎ ነው፤ ሻጮች ይህን ሁልጊዜ ቀድመው አይናገሩም።

የግንኙነቱን ትክክለኛነት ለመፈተሽ የመጀመሪያውን ውጤት አስተዳዳሪው ራሱ ከሚያውቀው ጋር ማመሳከር ይበቃል። በደንብ የተገናኘ መከታተያ በመተግበሪያዎቹ ዝርዝር ውስጥ ራሱንም ከነፈቃዶቹ ያሳያል፤ ካላሳየ የሚያነበው ከፊሉን ነው።