ያውቁ ኖሯል? ከንፈሩ ስዊዘርላንድ፣ ድምፁ ሕንድ

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሕንድ ፊልም ላይ እያለቀሰች የምትዘፍነው ተዋናይት አብዛኛውን ጊዜ አትዘፍንም። ድምፁ ቀደም ብሎ ስቱዲዮ ገብቶ የተቀረጸ የሌላ ሰው ድምፅ ነው፤ እሷ ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅሳለች። ይህ የፕሌይባክ አሠራር በሕንድ የተጀመረው በ1935 ካልካታ ውስጥ ዳይሬክተር ኒቲን ቦዝ በቤንጋሊኛና በሂንዲ በሠራው ፊልም ነው። ከዚያ በፊት ተዋናዩ ራሱ ካሜራ ፊት ቆሞ መዝፈን ነበረበት፤ መልክ ብቻውን አይበቃም ነበር።

በ1949 «ማሃል» የተባለው ፊልም ዘፈን በሸክላ ሲወጣ፣ ሸክላው ላይ የታተመው የዘፋኟ ሳይሆን የገጸ ባሕሪዋ ስም ነበር፦ «ካሚኒ»። የላታ ማንጌሽካር ስም የተነገረው አድማጮች «ይቺ ማን ናት?» እያሉ ሬዲዮ ጣቢያውን ከወተወቱ በኋላ ነው። ታዋቂው የፊልምፌር ሽልማትም ቢሆን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለዘፋኞች ቦታ አልነበረውም። ላታ «ለዘፋኝ ሽልማት ከሌለ በዝግጅታችሁ ላይ አልዘፍንም» አለች። ደግ አደረገች! በ1959 ሽልማቱ ተጀመረ፤ የመጀመሪያዋ ተሸላሚም ራሷ ሆነች። በ1960ዎቹ ደግሞ «አናንድጋን» በሚል የብዕር ስም ለማራቲኛ ፊልሞች ዜማ ደርሳለች።

የተቀረጸው ዘፈን ካሜራ ፊት እንዲሰማ ደግሞ መሣሪያ ያስፈልጋል። ስዊዘርላንድ፣ ሎዛን ነበር ስደተኛው ፖላንዳዊ ስቴፋን ኩደልስኪ በ1951 ናግራ የተባለውን ተንቀሳቃሽ መቅረጸ ድምፅ የሠራው። በሕንድ የቀረጻ ቦታዎች የተቀዳውን ዘፈን ለተዋንያን ሲያጫውቱ ከኖሩት መሣሪያዎች አንዱ ይኸው ናግራ ነው። ሆሊውድም ለኩደልስኪ ከአንድ በላይ የኦስካር ሽልማት ሰጥቶታል።

መሣሪያው ወደ ሕንድ ሄደ፤ የሕንድ ፊልም ደግሞ ወደ ስዊዘርላንድ መጣ። የራጅ ካፑር ፊልም «ሳንጋም» በ1964 መንገዱን ከፈተ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ካሽሚር ሲታመስ በረዶና ተራራ የፈለገ ዳይሬክተር ሁሉ ፊቱን ወደ አልፕስ አዞረ። ከሁሉም የበረታው ያሽ ቾፕራ ነበር፤ ኢንተርላከን ከተማ ውስጥ ሐውልት ቆሞለታል። የዙሪክ የዲዛይን ሙዚየምም በ2002 በሕንድ ፊልምና በስዊዘርላንድ ግንኙነት ላይ ዐውደ ርእይ አሳይቷል። በረዶ ላይ በስስ ሳሪ የምትንቀጠቀጠው ግን ተዋናይቷ ናት፤ ዘፋኟ ሙምባይ ስቱዲዮ ውስጥ ተመችቷታል። አንዳንዴ ስም ማጣትም ይጠቅማል።

አሁን በብዙ ቋንቋ ወደዘፈነው የፕሌይባክ ጌታ። ኤስ ፒ ባላሱብራማንያም የቴሉጉ ተወላጅ ነው። ምሕንድስና ሲማር ታሞ አቋረጠ፤ በ1966 የመጀመሪያውን የፊልም ዘፈን ቀረጸ። ከዚያ በኋላ በ16 ቋንቋዎች እንደዘፈነና የዘፈኖቹ ቁጥር ከ40,000 እንደሚያልፍ ይነገርለታል። እኔ ቁጥሩን በጥርጣሬ ነው የማየው፤ የሕንድ ዘፋኞች የዘፈን ቆጠራ ሲያጨቃጭቅ ኖሯል። የማያጨቃጭቀው ብሔራዊ የፊልም ሽልማቱ ነው፦ ስድስት ጊዜ፣ በአራት ቋንቋዎች፤ በቴሉጉ፣ በታሚል፣ በካናዳና በሂንዲ። (ካናዳ የደቡብ ሕንድ ቋንቋ ነው፤ ከአገሩ ጋር አይምታታብዎ።)

በ1981 ለወጣ የሂንዲ ፊልም ሲታጭ የዜማ ደራሲዎቹ «የደቡብ ሰው ድምፅ ለሂንዲ አይሆንም» ብለው አንገራገሩ። ዳይሬክተሩ ግን የፊልሙ ጀግና ራሱ ሂንዲ የማይችል ታሚል ስለሆነ አነጋገሩ ቢኮላተፍ ያምርበታል ብሎ ጸና። ለዚያ ፊልም የዘፈነው ዘፈን ብሔራዊ ሽልማት አስገኘለት። ባላሱብራማንያም ለብዙ ፊልሞች ዜማ ደርሷል፤ ለሌሎች ተዋንያንም በንግግር ድምፁን አውሷል። በ2020 አረፈ።

እኛስ? በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛ፣ በዓረብኛና በስዋሂሊ የዘፈነው የድሬዳዋው አሊ ቢራ አለን። ኡድ እየመታ፣ ከንፈሩም ድምፁም የራሱ ሆኖ። በ2022 አረፈ።

ጄኔቫ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ተገልብጧል። በ2007 የተቋቋመው ኢምፔሪያል ታይገር ኦርኬስትራ የስዊስ ሙዚቀኞች የኢትዮጵያን የድሮ ዜማ የተጫወቱበት ባንድ ነው፤ በ2011 ያወጡትን አልበም «መርካቶ» ብለውታል። ድምፅ ሲያስፈልጋቸው ሐመልማል አባተን የመሰለች ዘፋኝ መድረኩ ላይ አብራቸው ቆማለች።