የምንጣፍ እጥበት ሥራ ደህንነትና ጤንነት

የምንጣፍ እጥበት ሥራ ደህንነትና ጤንነት ምንጣፍና ስጋጃ በማጠብ የሚተዳደሩ ሰዎች ከአደጋና ሥራው ከሚያስከትለው በሽታ የሚጠበቁበትን መንገድ የሚመለከት የሙያ ደህንነት ርዕስ ነው። በኢትዮጵያ ከተሞች ይህ ሥራ ብዙ ጊዜ ከመኪና እጥበት ወይም ከልብስ ንጽሕና መስጫ ጋር ተዳብሎ ይሠራል። ከውጭ ለሚያየው ሳሙናና ውኃ ብቻ ስለሆነ አደገኛ አይመስልም፤ ይሁንና ከባድ ሸክም፣ ኤሌክትሪክና ኬሚካል በአንድ እርጥብ ወለል ላይ የሚገናኙበት ሥራ ነው።

ወቅትና ሥራ በአሶሳ

አሶሳ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ዋና ከተማ ስትሆን ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ትገኛለች። ዝናቡ አንድ ረጅም ወቅት ሲሆን በአብዛኛው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያሉት ወራት ደግሞ ሞቃታማና አቧራማ ናቸው። ለምንጣፍ አጣቢ እነዚህ ሁለት ወቅቶች የየራሳቸው ችግር አላቸው።

በደረቁ ወቅት ምንጣፉ ብዙ አቧራ ይዞ ይመጣል። ሳይረጥብ በዱላ ሲደበደብ የሚነሣው ብናኝ ከአፈር በተጨማሪ የእንስሳት ፀጉር፣ የሻጋታ ብናኝና በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነፍሳት ቅሪት ስላለበት አስም ያለበትን ሰው ሊቀሰቅስ ይችላል። ከመደብደብ ይልቅ በአቧራ መሳቢያ ማሽን ማጽዳት ይመረጣል፤ ማሽኑ ከሌለ ነፋሱን ከኋላ አድርጎ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ፣ ከሰው ርቆ ማራገፍ ያስፈልጋል። በዝናቡ ወቅት ግን ዋናው ጭንቀት ማድረቅ ነው። ከአንድና ሁለት ቀን በላይ እርጥብ ሆኖ የቆየ ምንጣፍ ይሻግታል፤ በር በተዘጋበት ክፍል ውስጥ ተከምሮ ሲደርቅ ሽታውን የሚተነፍሰው መጀመሪያ ሠራተኛው ነው።

በክልሉ ብዙ ሙስሊሞች ስለሚኖሩ የመስጊድ ምንጣፎችም ይታጠባሉ። ረመዳን በጨረቃ አቆጣጠር ስለሚሄድ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ይመጣል። በ2009 ዓ.ም. የጀመረው ግንቦት ውስጥ፣ በዝናቡ መግቢያ ነበር፤ በ2018 ዓ.ም. ግን የካቲት፣ በሙቀቱ ውስጥ ዋለ። ጾመኛ ሠራተኛ በየካቲት ፀሐይ እርጥብ ምንጣፍ ሲጎትት ከዋለ የሰውነቱ ውኃ ያልቃል፤ ራስ ማዞር፣ ቁርጠትና ድካም የመጀመሪያ ምልክቶቹ ናቸው። ከባዱን ሥራ ወደ ማለዳ ማዛወርና ከሰዓት በኋላ በጥላ ሥር የሚሠራውን ማስቀረት ምንም ወጪ የማይጠይቅ መከላከያ ነው።

ኬሚካሎች

በዚህ ሥራ ሰውን በደቂቃዎች ውስጥ ሊጎዳ የሚችለው ነገር በየሱቁ የሚሸጠው በረኪና ነው። በረኪና ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የተባለ ንጥረ ነገር በውኃ የተበጠበጠበት ሲሆን ብቻውን ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። ከአሲድ ጋር፣ ለምሳሌ ከአንዳንድ የሽንት ቤት ማጽጃዎች ወይም ከኮምጣጤ ጋር ሲቀላቀል ክሎሪን ጋዝ ይለቃል። ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ክሎራሚን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይፈጠራል። ሕፃን ወይም ድመት የሸናበት ምንጣፍ አሞኒያ ሊኖረው ስለሚችል፣ አጣቢው ምንም ሳይቀላቅል በረኪናውን ምንጣፉ ላይ ሲያፈስ ጋዙ ሊነሣ ይችላል። እንዲህ ያለውን ምንጣፍ አስቀድሞ በብዙ ውኃ ማለቅለቅ ያስፈልጋል።

ክሎሪን ከአየር ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ስለሚከብድ ወደ መሬት ይተኛል። ጎንበስ ብሎ የሚፈትግ ሰው ስለዚህ ቆሞ ከሚያየው ይልቅ ብዙ ጋዝ ይተነፍሳል። የጨርቅም ሆነ የሕክምና ማስክ ጋዙን አያግድም። ጋዝ የተነፈሰ ሰው ወዲያው ወደ ንጹሕና ከፍ ወዳለ አየር መውጣት፣ የነካውን ልብስ ማውለቅ፣ ዓይኑ ካቃጠለው ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ንጹሕ ውኃ መታጠብ አለበት። ሳል ወይም የመተንፈስ ችግር ካለ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ግድ ነው፤ የሳንባው ጉዳት ከሰዓታት በኋላ ሊብስ ይችላልና። በሰፊው የሚታመንበት ወተት ማጠጣት በሳንባ ለገባ ጋዝ ምንም አይጠቅምም።

በረኪና የሱፍ ክሮችንም ያቃጥላል፤ ጠንካራ ከሆነ ሱፉን እስከማሟሟት ይደርሳል። የሱፍ ስጋጃ በበረኪና የሚያጥብ ሰው ስለዚህ ሳንባውንም የደንበኛውን ንብረትም በአንድ ጊዜ ያበላሻል።

የዘይትና የግራሶ እድፍ ለማስለቀቅ ቤንዚን መጠቀም ሌላው አደገኛ ልማድ ነው። የቤንዚን እንፋሎት ከሲጋራ፣ ከከሰል ምድጃ ወይም ከማብሪያ ማጥፊያ በሚወጣ ብልጭታ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ለእድፉ ላርጎና ለብ ያለ ውኃ መሞከር ይሻላል።

ቤንዚንም ሆነ በረኪና በባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ እየተቀዳ መቀመጡ የአገራችን የተለመደ ስህተት ነው። የጠማው ሰው ወይም ሕፃን ውኃ መስሎት ሊጠጣው ይችላል። እንዲህ ሲሆን ማስታወክ ክልክል ነው፤ ኬሚካሉ ወደ ላይ ሲመለስ ጉሮሮን ደግሞ ያቃጥላል፣ ቤንዚን ከሆነም ወደ ሳንባ ይገባል። ጠርሙሱን ይዞ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። በአሶሳ በርታኛ፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ዓረብኛ የሚናገሩ ሰዎች አብረው ስለሚሠሩ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ለሁሉም ላይደርስ ይችላል። በቀይ ጠርዝ የተከበቡት ዓለም አቀፍ ምልክቶች፣ ማለትም የራስ ቅል፣ ነበልባልና እጅ ላይ የሚንጠባጠብ ፈሳሽ፣ ማንበብ ለማይችልም ይጠቅማሉ፤ ጥቅማቸው ግን ኬሚካሉ በመጣበት ዕቃ ሲቀመጥ ብቻ ነው።

ኤሌክትሪክ፣ ግፊትና ሸክም

ማጠቢያ ማሽን፣ ፓምፕና አቧራ መሳቢያ በ220 ቮልት ይሠራሉ። እርጥብ እጅና ባዶ እግር የኤሌክትሪክን መንገድ ያቀልላሉ። ማከፋፈያ መሬት ላይ ውኃ ውስጥ መተው የለበትም፤ መስመሩ ኧርዝ ሊኖረው፣ ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክም በራሱ የሚቆርጥ ብሬከር ሊገጠምለት ይገባል። የጎማ ቦቲ ጫማ ከመንሸራተትም ይጠብቃል።

የግፊት ማሽን ውኃ ከ100 ባር በላይ ሊወጣ ስለሚችል ቆዳን በስቶ ይገባል። ቁስሉ ከላይ ሲታይ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ሊሆን ይችላል፤ ሥር ያለው ሥጋ ግን ተጎድቶ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል። በዚህ ማሽን እግርን ወይም ጫማን ማጠብ የሚታየውን ያህል ቀላል ጨዋታ አይደለም።

ቀስ በቀስ የሚጎዳው ግን ወገብ ነው። በካሬ ሜትር 3 ኪሎ የሚመዝን፣ 3 በ4 ሜትር የሆነ ምንጣፍ ደረቁን 36 ኪሎ ነው፤ የክብደቱን ያህል ውኃ ከጠጣ 72 ኪሎ ይሆናል። ማንሳት ያለባቸው ቢያንስ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አስቀድሞም ጠቅልሎ ውኃውን ማንጠፍጠፍ ሸክሙን ይቀንሳል።

ሕጉ

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 ለሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት ይሰጣል። ኢትዮጵያ የዓለም ሥራ ድርጅትን የሙያ ደህንነት ስምምነት ቁጥር 155 እ.ኤ.አ. በ1991 አጽድቃለች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው ስለሥራው አደጋ እንዲያስተምር፣ መከላከያ እንዲያቀርብና የደረሰውን አደጋ እንዲመዘግብ ያስገድዳል። ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ሥራ ላይ ተጎድቶ ለጊዜው መሥራት ያልቻለ ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያም ለ6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ክፍያ ያገኛል።

ነገር ግን አዋጁ የሚመለከተው በሥራ ውል ላይ የተመሠረተ ግንኙነትን ነው። በጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበር ተደራጅተው ምንጣፍ የሚያጥቡ ወጣቶች የሥራው ባለቤቶች እንጂ ተቀጣሪዎች አይደሉም፤ ከመካከላቸው አንዱ ቢጎዳ ደመወዝ የሚከፍለው አሠሪ የለም። ጓንትና ቦቲ የሚገዛው፣ ለታመመ አባል የሚታሰበውም ከማኅበሩ ገቢ ስለሆነ፣ ይህ ድርሻ በመተዳደሪያ ደንባቸው ውስጥ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ተጽፎ መገኘት ይኖርበታል።