ውሃው ሸሸ ብሎ ቤት መሥራት፦ ተረትና እውነታ ከግልገል ጊቤ ዳር

በጅማ ዞን ያለውን የሰኮሩ ወረዳ የግልገል ጊቤ ግድብ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ይዋሰነዋል። ግድቡ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ነው። እንዲህ ዓይነት ውሃ ባለበት ሁሉ «እዚህ ዳር የመኖሪያ መንደር ቢሠራ» የሚል ሐሳብ አይጠፋም። ዕቅዱ ቀርቦ ሲመረመር ደግሞ አብረውት የሚነሡ አባባሎች አሉ።

አንደኛው «ዳርቻው እኮ እዚህ ነው» የሚለው ነው። ይህን የሚለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በበጋ የቆመ ነው። ግድቡ ሲሞላ ውሃው ከባሕር ጠለል በላይ 1671 ሜትር ይደርሳል፤ ዝቅተኛው የሥራ ከፍታው 1653 ነው። ልዩነቱ 18 ሜትር መሆኑ ነው። ገደል ባለበት ይህ ብዙም አይታይም። መሬቱ በየመቶ ሜትሩ አምስት ሜትር ብቻ በሚወርድበት ቦታ ግን 360 ሜትር ያህል ወርድ ያለው መሬት አንዴ ውሃ፣ አንዴ ደረቅ ይሆናል። ጣና ዳር ባሕር ሸሽ የሚሉት ዓይነት መሬት ነው፤ ለጓያና ለበቆሎ ይመቻል፣ ለመሠረት ግን አይሆንም። ስለዚህ ከውሃው የሚራቅበት ልኬት የሚጀምረው ዛሬ እግራችን ከረጠበበት ሳይሆን ከ1671 ነው። ሐይቅ ይሸሻል እንጂ አይመጣም የሚል ካለ ደግሞ መተሐራ ወርዶ እየሰፋ የመጣውን የበሰቃ ሐይቅ ይይ።

«ሕጉ ከልክሏልና ማንም አይሠራበትም» የሚሉም አሉ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 በእርግጥ ዳርቻን ያነሣል። በተከለለ ዳርቻ ላይ ዛፍ መቁረጥና መኖሪያ ቤት መሥራት እንዲከለከል ለሚመለከተው አካል ሥልጣን ሰጥቷል። ዋናው ቃል «በተከለለ» የሚለው ነው። ማንም ያልከለለው ዳርቻ ላይ አዋጁ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ለእኔ ከሁሉም የሚያሳስበው ይህ ነው፤ ክልከላ አለ ብሎ መተኛት ሕግ ካለመኖሩ የባሰ ያዘናጋል።

«ሽንት ቤቱን ጥልቅ አድርገን እንቆፍራለን» የሚለው መልካም አሳቢ ይመስላል። ውሃ ዳር ግን የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ነው፤ ጉድጓዱ በጠለቀ ቁጥር ወደ እሱ ይጠጋል። የሚያድነው ርቀትና ከፍታ፣ አለበለዚያም የማያሳልፍ ታንከር ነው። ያመለጠው ናይትሮጂንና ፎስፈረስ አልጌ ይመግባል።

«ባሕር ዛፍ ከተተከለበት ዳርቻው ተጠበቀ» የሚለውም አለ። ባሕር ዛፍ ከሥሩ ሣር እምብዛም አያበቅልም፤ ዝናቡ ባዶውን አፈር ጠርጎ ወደ ሐይቁ ያወርደዋል። ደለል የሚይዘው ቄጠማው፣ ደንገሉና ጥቅጥቅ ያለው ሣር ነው። ግልገል ጊቤ ላይ ደለል ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ከዚህ የሚወጣው ውሃ በ26 ኪሎ ሜትር ዋሻ ተጉዞ የጊቤ ሁለት ኃይል ማመንጫን ተርባይኖችም የሚያዞር ነው።

ስለ ወባ ሁለት ጽንፍ ይሰማል፦ «ነፋሻ ዳር ወባ የለም» እና «ግድብ ዳር መኖር ወባ ነው»። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ከግድቡ በ3 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያሉ ሕፃናት ከ5 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ርቀው ካሉት ይበልጥ በወባ እንደሚጠቁ አሳይቷል። በኋላ የወጣ ሌላ ጥናት ግን የርቀቱን ድርሻ አላረጋገጠም። የወባ ትንኝዋ እንቁላሏን ጥልቁ ውሃ ላይ አትጥልም፤ ውሃው ሲሸሽ በሚቀሩ ኩሬዎችና በከብት ኮቴ ውስጥ ባቆረ ውሃ ትጥላለች። መንደር ሲመጣ ከብቱና ቁፋሮው ይበዛል፤ ኩሬውም አብሮ ይበዛል።

የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የዕቅዱ ተፅዕኖ ጥናት ለሕዝብ ይፋ ሆኖ አስተያየት እንዲሰጥበት ደንግጓል። ስለዚህ ለአስተያየት በተጠራ ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ነዋሪ ከአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ወይም ከወረዳው ባለሙያ ሁለት ነገር ቢጠይቅ መብቱ ነው፦ በፕላኑ ላይ የ1671 ሜትር መስመር የት ነው? የሽንት ቤቶቹስ ከዚያ መስመር በላይ በስንት ሜትር ተቀምጠዋል?