ከለገሐር እስከ ኢየሩሳሌም፦ ስለ ጠባብ ሀዲድና ስለ ሞዴል ባቡር

ሜይ 2 ቀን 1936 ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአዲስ አበባ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወረዱ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከጅቡቲ «ኢንተርፕራይዝ» በምትባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ሜይ 8 ቀን ሐይፋ ደረሱ፤ ከሐይፋም እንደገና በባቡር ኢየሩሳሌም ገቡ። ስለዚህ ስደት ብዙ ተጽፏል። እኛ የምንናገረው ግን ስለ ሀዲዱ ነው። ንጉሡ በኢትዮጵያ የሄዱበት ሀዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር፤ በዚህ አገር የሄዱበት ደግሞ 1 ሜትር ከ43 ሳንቲም ተኩል። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት መጥተው ቢሆን ኖሮ ከያፎ ወደ ኢየሩሳሌም የሚያወጣቸው ሀዲድ ከአገራቸው ሀዲድ ጋር ልክ አንድ መጠን ነበር።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት ስለ ቃሉ አንድ ነገር እንበል። ባላገር ላደጉት ወላጆቻችን «ባቡር» ሲባል ቶሎ የሚታሰባቸው እህል የሚፈጨው የወፍጮ ባቡር ነው። የምድር ባቡር ወደ ጎንደርም ሆነ ወደ ትግራይ አልደረሰም። ስለዚህ ብዙዎቹ ሀዲድ የሚባለውን ያዩት ወይ አዲስ አበባ የጉዞ ተራቸውን ሲጠብቁ፣ ወይ እዚህ ከገቡ በኋላ ነው። የአዲስ አበባ፣ የናዝሬትና የድሬዳዋ ልጆች ግን በፉጨቱ ያደጉ ናቸው። «ለገሐር» የሚለው የሰፈር ስም እንኳ «ጣቢያው» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው።

የሀዲድ ስፋት የሚባለው በሁለቱ ብረቶች ውስጠኛ ጠርዝ መካከል ያለው ርቀት ነው። በዓለም ላይ በብዛት የተሠራበት 1435 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ከዚህ ያነሰው ሁሉ ጠባብ ሀዲድ ይባላል። ጠባቡ የሚመረጠው በዋጋው ነው። ባቡሩ ትንሽ በመሆኑ ብረቱ ይቀላል፣ ድልድዩ ያንሳል፤ ከሁሉ ይልቅ ግን በጠባብ ኩርባ መዞር ስለሚችል ተራራውን መብሳት ሳያስፈልግ ዙሪያውን እየታከከ ይወጣል። ጉዳቱ የሚታወቀው ሁለት ዓይነት ስፋት በተገናኘበት ቦታ ነው። እዚያ ጭነቱ ሁሉ ከአንዱ ፉርጎ ወርዶ ወደ ሌላው መጫን አለበት። በሐይፋ ጣቢያ ለብዙ ዓመታት ሁለቱ ስፋቶች ጎን ለጎን ነበሩ።

የያፎ–ኢየሩሳሌም መስመር ፈቃድ የተገኘው በ1888 በኢየሩሳሌሙ ተወላጅ በዮሴፍ ናቮን አማካይነት ነው። መስመሩን የሠራው የፈረንሳይ ኩባንያ ሲሆን ሥራ የጀመረው በሴፕቴምበር 1892 ነው። ርዝመቱ 87 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከአሜሪካ ከባልድዊን ፋብሪካ የመጡት ሎኮሞቲቮች በሶሬቅ ወንዝ ሸለቆ እየተጠማዘዙ ለመውጣት አራት ሰዓት ያህል ይፈጅባቸው ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ቱርኮች ከሉድ እስከ ኢየሩሳሌም ያለውን ወደ 1050 ሚሊሜትር ለወጡት፤ እስከ 1920 ድረስ ደግሞ እንግሊዞች ወደ 1435 አሰፉት።

ይህ 1050 የሚባለው እንግዳ ቁጥር ከየት መጣ? ከሂጃዝ ባቡር ነው። ከደማስቆ እስከ መዲና የተዘረጋው ያ መስመር መነሻውን ቀድሞ በ1895 ከተከፈተው የቤሩት–ደማስቆ መስመር ጋር ማገናኘት ስለነበረበት ያንኑ ስፋት ያዘ። ቅርንጫፉ የሆነው የሸለቆው ባቡር፣ ማለትም ራኬቬት ሀዔሜቅ፣ በ1905 ከሐይፋ እስከ ደርዓ ተከፈተ፤ በዮርዳኖስ ወንዝ ድልድይ አጠገብም ከባሕር ወለል በታች እስከ 246 ሜትር ይወርድ ነበር። በጁን 1946 ፓልማሕ የያርሙክን ድልድይ ባፈረሰ ጊዜ መስመሩ ተቆረጠ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የቀረው ክፍል ተተወ።

የኢትዮጵያው መስመር ታሪክ ረዘም ያለ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1894 ፈቃዱን ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግና ለፈረንሳዊው ሌዮን ሸፍኔ ሰጡ። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 መጨረሻ እስከ ድሬዳዋ ደረሰ፤ ድሬዳዋ ራሷም ከተማ የሆነችው በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚያ ገንዘቡ አለቀና ኩባንያው ከሰረ። ሌላ ኩባንያ ተቋቁሞ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው፤ ጠቅላላ ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ሆነ። ዛሬም የምናውቀው የለገሐር ሕንፃ በ1929 ተሠራ። የሚያስገርመው ነገር፣ በኦክቶበር 2016 በአንድ ወር ውስጥ ሁለቱም መስመሮች በሰፊው ሀዲድ ተተኩ፤ በዚያ ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ፣ በዚህ ከሐይፋ እስከ ቤት ሸዓን። አፉላ የሚኖሩ ወገኖቻችን ወደ ሐይፋ የሚሄዱበት ባቡር በአሮጌው የሸለቆ ባቡር ፈለግ የተሠራ ነው።

ጠባብ ሀዲድን የሚወዱ ሰዎች በየአገሩ አሉ። በዌልስ አገር ታሊሊን የሚባለውን ትንሽ መስመር በ1951 ደመወዝ የማይከፈላቸው ወዳጆቹ ተረክበው ማንቀሳቀስ ጀመሩ። በኤርትራ ከ1994 ጀምሮ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች ተጠርተው ከምጽዋ አስመራ የሚወጣውን ባለ 950 ሚሊሜትር ሀዲድ በእጃቸው አደሱ። በእኛም አገር በሐይፋ ምሥራቅ ጣቢያ በ1983 የባቡር ሙዚየም ተከፈተ፤ በክፋር ዬሆሹዓም የሸለቆው ባቡር ጣቢያ ተጠብቆ ቆይቷል።

ጉዞ ለማይችል ደግሞ ሞዴል አለ። ልጆቻችሁ ቢጠይቋችሁ፣ በዓለም ላይ በብዛት የሚሸጠው «ኤች ዜሮ» የሚባለው መጠን ነው፤ ማናቸውም ነገር በ87 ተካፍሎ ይሠራል። ለአንድ ሜትር ሀዲድ የሚሆነው ዓይነት «ኤች ዜሮ ኤም» ይባላል፤ የሀዲዱም ስፋት 12 ሚሊሜትር ነው። ሂሳቡን ብትሠሩት 1000 ሚሊሜትር ለ87 ሲካፈል 11 ከግማሽ ይሆናል፤ 1050 ግን ለ87 ሲካፈል 12 ይደርሳል። እንግዲህ ይህ የሱቅ ሀዲድ ከኢትዮጵያው ባቡር ይልቅ ለሸለቆው ባቡር ይስማማል ማለት ነው! ልዩነቱ ግን በዓይን አይታይም። የስዊስ ተራራ ባቡሮችም ብዙዎቹ ባለ አንድ ሜትር ስለሆኑ ለእነሱ የተሠራው ሀዲድና ጎማ ለእኛም ያገለግላል። የአሜሪካ ጠባብ ባቡር ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሦስት ጫማ ስለሆነ በሀዲዱ ላይ አይገጥምም፤ ከመግዛት በፊት መጠየቅ ይሻላል።

መስመሩን በሙሉ እሠራለሁ የሚል ግን ቦታ አይበቃውም። 87 ኪሎ ሜትር የሆነው የያፎ–ኢየሩሳሌም መስመር በዚህ ልክ አንድ ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ የጅቡቲው ደግሞ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር። ስለዚህ አንድ ጣቢያ መምረጥ ነው። እኛ ብንጠየቅ ለገሐርን እንመርጣለን። የመስመሩ መጨረሻ በመሆኑ ሀዲዱ እዚያው ይቆማል፤ የሕንፃው ፊት ቀጥ ያለ ስለሆነ በካርቶን ለመሥራት አያስቸግርም፤ ከፊቱም የይሁዳ አንበሳ ሐውልት አለ።

ችግሩ የሚመጣው ሕንፃው ቆሞ ቀለም መቀባት ሲጀመር ነው። የድሮዎቹ ፎቶግራፎች ጥቁርና ነጭ ናቸው። የሦስተኛ ማዕረጉ ፉርጎ ውስጡ ምን ቀለም ነበረው? አግዳሚው ወንበር እንዴት ተደርድሮ ነበር? ሴቶቹ በመስኮት የሚሸጡት ምን ነበር፣ በምንስ ተሸክመውት? አሮጌው ባቡር ከቆመ ዓመታት ስላለፉ ይህን የሚነግሩን በእሱ የተሳፈሩና በእሱ የሠሩ ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱም አርጅተዋል። በየቤታችሁ ከድሬዳዋ፣ ከአዋሽ ወይም ከናዝሬት የመጡ አባት ወይም እናት ካሉ፣ ልጁ እርሳስና ወረቀት ይዞ አጠገባቸው ይቀመጥ፤ መጀመሪያ ስለ ፉርጎው በር ይጠይቃቸው፣ ወደ ውስጥ ይከፈት ነበር ወይስ ወደ ጎን ይንሸራተት ነበር?