መኪናን ዝቅ ማድረግ፤ ሞላው ከመቈረጡ በፊት

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ሐረር የሚኖር አንድ የትምህርት ጓደኛዬ ምክር ጠየቀኝ። አባቱ ለብዙ ዓመት ታክሲ የሠሩበት ፔጆ 404 አሁን ከግቢ ቆሟል። ልጁ ታዲያ ለእኅቱ ሠርግ ጣሪያውን አስቈርጦ፣ ሞላውን አሳጥሮ፣ መሬት የሚልስ የስፖርት መኪና ሊያደርገው አስቧል። መካኒኩም «በግማሽ ቀን ይጠናቀቃል» ብሎታል። «የትኛው ሞላ ይሻለኛል?» አለኝ። መልሱ ለሌሎቻችንም ይጠቅማል ብዬ እነሆ ጻፍሁት።

አስቀድሞ ስለ መኪናው። ዛሬ ባጃጅ ቢበዛበትም፣ ፔጆ 404 ለአሥርተ ዓመታት የሐረር ታክሲ ሆኖ ኖሯል። መልኩን ያወጣለት የጣልያኑ ፒኒንፋሪና ነው፤ ለሕዝብ የታየውም በአውሮጳ አቈጣጠር በ1960 ነበር። ጣሪያው የሚገለጠው ዐይነትም በፒኒንፋሪና እጅ እስከ 1968 ድረስ ተሠርቷል። 404 በምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድር በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አንደኛ ወጥቷል። በዚያ ጭቃና ጕድጓድ ላይ ለማሸነፍ ፍጥነት ብቻውን አይበቃም፤ ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስበት ሰፊ ቦታ ማግኘቱ ትልቅ እገዛ ሆኖለታል። መኪናን ዝቅ ማድረግ ማለት እንግዲህ ይህንኑ ቦታ መቀነስ ነው።

ሞላ ክብደት ይሸከማል፤ የመንገዱንም ምት ይቀበላል። ነገር ግን ብቻውን ቢተው እንደ ኳስ ይነጥራል። ንጥረቱን የሚያረግበው አሞርዛተር ነው፤ በውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ ሲያልፍ እንቅስቃሴው ይገታል። ሁለቱ እንደ በሬ ጥማድ ናቸው፤ አንዱን ለውጦ ሌላውን እንደ ነበረ መተው እርሻውን ያጣምማል።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እናድርግ። ስምንት የሚሠሩ ጥምዝምዞች ካሉት ሞላ ሁለቱን ብንቈርጥ፣ የቀሩት ስድስቱ ከቀድሞው በአንድ ሦስተኛ ይጠነክራሉ። ይህ መልካም ይመስላል። ግን ጎማው ወደ ላይ የሚሄድበት ቦታ አሥር ሳንቲ ሜትር የነበረ እንደ ሆነና መኪናውን በአምስት ዝቅ ካደረግነው፣ የቀረው ግማሹ ነው። ሞላ የሚቀበለው ጉልበት በተጓዘበት ርቀት ካሬ ልክ ስለሚያድግ፣ ያንኑ ምት በግማሹ ቦታ ለመቀበል አራት እጥፍ መጠንከር ይኖርበታል። የተቈረጠው ሞላ ያገኘው ግን አንድ ሦስተኛ ብቻ ነው። የተረፈውን ምት ማን ይቀበለዋል? በመጀመሪያ ማቆሚያው ጎማ፣ ቀጥሎ የመኪናው አካል፣ በመጨረሻም የተሳፋሪው ወገብ!

ጣሪያውን መቍረጥ ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል። 404 ለብቻው የቆመ ሻንሲ የለውም፤ ወለሉ፣ ጐኑና ጣሪያው ተደጋግፈው ነው የሚሸከሙት። ክፍት ሆኖ በፋብሪካ የሚሠራ መኪና ከታች ማጠናከሪያ ይደረግለታል። በጋራዥ የተቈረጠው ግን መንገዱ በጠመመ ቍጥር አብሮ ይጠማል፤ በሩም አልዘጋም ይላል። ጠንካራ ሞላ ሲጨመርበት መከራው ይበዛል።

ታዲያ መኪናውን ዝቅ ማድረግ የሚፈልግ ሰው ምን ምን ምርጫ አለው?

አንደኛው ሞላውን መቍረጥ ወይም በእሳት አግሎ ማስቀመጥ ነው። ርካሽ ነው፤ አደገኛም ነው። እሳት የብረቱን ጥንካሬ ያጠፋል፤ የተቈረጠ ሞላም ጎማው ወደ ታች ሲንጠለጠል ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል።

ሁለተኛው በልክ የተሠራ አጭር ሞላ ከአጭር አሞርዛተር ጋር መግዛት ነው። መልካም አስፋልት ላይ ለሚነዳ፣ እውነተኛ ክፍት መኪናም ላለው፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ የፊት ጎማዎች አቋም መለካት አለበት፤ አለዚያ ጎማው በአንድ ወገን ያልቃል። የ404 የኋላ አክስልም በአንድ አግዳሚ ዘንግ ስለ ተያዘ፣ አካሉ ዝቅ ሲል አክስሉ በመጠኑ ወደ ጐን ይሸሻልና ይህም መታየት አለበት።

ሦስተኛው በጥርስ ከፍና ዝቅ የሚደረግ ሞላ ነው። ዋጋው ውድ ነው፤ ለአሮጌ መኪናም ብየዳ ሊጠይቅ ይችላል።

ዋናው መራጭ ግን መንገዱ ነው። ከድሬዳዋ በደንገጎ ዳገት የመጣ መኪና በሐረር በር አልፎ ፈረስ መጋላ እስኪደርስ ምን ያህል ጕድጓድና ጕብታ እንደሚያገኝ የሐረር ልጅ አይጠፋውም። የጀጐል ጠባብ የድንጋይ መንገዶችማ ለእግረኛና ለአህያ የተሠሩ ናቸው። መኪና ግርግር እንኳ ስሙን ያገኘው ከልብስ ሰፊዎች መኪና ጩኸት እንጂ ከአውቶሞቢል አይደለም።

ስለዚህ ለወዳጄ ይህን ሥራ ሰጠሁት። በሠርጉ ቀን የሚቀመጡትን ያህል ሰዎች፣ ሹፌሩን ጨምሮ አምስት፣ በመኪናው ውስጥ አስቀምጥ። እያንዳንዳቸው ስድሳ ኪሎ ቢሆኑ ሦስት መቶ ኪሎ ነው። ከዚያ በማስመሪያ ከመሬት እስከ ማርሚታው ለካ። ቀጥሎም ሰዎቹ ሲወርዱ አንዱን ማዕዘን ወደ ታች ተጭነህ ልቀቀው፤ ደጋግሞ የሚነጥር ከሆነ አሞርዛተሩ አልቋል ማለት ነው።

ውጤቱን ነገረኝ፤ አራቱም አሞርዛተሮች ያለቁ ኖረዋል። እንግዲህ መኪናው የሚያስፈልገው አዲስ አሞርዛተር፣ አዲስ ጎሚኒና በፋብሪካው ቁመት ልክ የሆነ ሞላ ነው። ለሠርጉ አበባ ይበቃዋል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ለእኛ ለተማሪዎች ብቻ ሳይሆን ለመኪናም ይሠራል።

አንድ ጥያቄ ግን በመጨረሻ ጠየቅሁት፤ «አባትህ ያውቃሉ ወይ?» ዝም አለ። ያ መኪና የእሱንም የእኅቱንም የትምህርት ወጪ የከፈለ ነው። የተቈረጠ ሞላ ተመልሶ አይቀጠልምና፣ መካኒኩን ከመጥራቱ በፊት አባቱን ቢያነጋግር ይሻላል።